ፊደል ያልቆጠሩ እናት በመዝገብ ውስጥ፦ ኋና ኤስትራዳ ቻቬዝ (1892–1991)

ኋና ኤስትራዳ ቻቬዝ ፊደል አልቆጠሩም። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩ ሐሳባቸውን በገዛ እጃቸው ወረቀት ላይ የማስፈር ዕድል አላገኙም። ታሪካቸውን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ሌሎች የጻፉትን ነው፤ የግብር ሹም፣ የሕዝብ ቆጠራ ጸሐፊ፣ ጋዜጠኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው። ከእነዚህ ሁሉ ግን አብዝቶ የተናገረላቸው ሁለተኛ ልጃቸው ነው። ያ ልጅ ሴሳር ቻቬዝ ይባላል፤ በ1960ዎቹ የካሊፎርኒያን የእርሻ ሠራተኞች አደራጅቶ የአገሪቱን የወይን ገበያ ያናወጠው ሰው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።)

ልጅ ስለ እናቱ ሲመሰክር በፍቅር ይመሰክራል። የንቅናቄ መሪ የሆነ ልጅ ሲመሰክር ደግሞ በፍቅሩ ላይ ሌላ ጉዳይ ይጨመርበታል። የቻቬዝ ቃል በሦስት ዋና ዋና ቦታዎች ተመዝግቦ ይገኛል፦ ፒተር ማቲሰን በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዣክ ሌቪ ዓመታት ወስዶ ሲቀዳ ቆይቶ በ1975 ባወጣው ግለ ታሪክ፣ እና ሴሳር ራሱ በ1991 በእናቱ ቀብር ላይ ባሰማው የስንብት ንግግር። ሦስቱም የሚያሳዩን አንዲት ደግ፣ መካሪ፣ ጠብ የማትወድ እናት ናት። ሥዕሉን የምቀበለው ነው። ይሁን እንጂ ሌሎቹን ወረቀቶች አጠገቡ ስናደርግ፣ ከደግነቱ ባሻገር ልጁ ብዙም ያልቆመበት ነገር ይታያል፤ ገንዘብን፣ ስንቅንና ዘመድን አስልታ ቤት ያቆመች አስተዳዳሪ።

የተወለዱት በ1892 በሰሜን ሜክሲኮ፣ በቺዋዋ ግዛት፣ አሰንሲዮን በምትባል የድንበር ከተማ ነው። የከተማዋ ታሪክ የስደት ታሪክ ነው። ከ1846 እስከ 1848 በተደረገው ጦርነት ሜክሲኮ የሰሜን ግዛቷን ስትነጠቅ፣ በአሜሪካ ሥር መሆን ያልፈለጉ ሰዎች ወደ ሜሲያ ሸለቆ ወረዱ። በ1854 ዩናይትድ ስቴትስ ያንንም መሬት በገንዘብ ገዛችው። ከእነዚያ ሰዎች የተወሰኑት እንደገና ጓዛቸውን ጠቅልለው በ1870ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ወረዱና አሰንሲዮንን ቆረቆሩ። ሜክሲካዊ ሆኖ ለመቅረት ሁለት ጊዜ የተሰደደ ሕዝብ ከተማ ነበረች ማለት ነው።

ኋና በተወለዱበት ዓመት ያ ሕዝብ ሰላም አልነበረውም። በ1892 ጥር ወር በከተማዋ የምርጫ ጠብ ወደ አመፅ ተለውጦ የከተማው ሹም ራፋኤል አንቼታ ተገደለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ ጦር በቺዋዋ ተራሮች የምትገኘውን የቶሞቺክ መንደር አጠፋ። በዚህ ላይ ሰሜኑን ሜክሲኮ ሁለት ዓመት ያለፈው ድርቅ ከብቱንና እህሉን ጨርሶ ነበር። የኋና እናት ለምን አገር ለቀው እንደሄዱ የቤተሰቡ ትረካ በዝርዝር አያነሳም፤ ሕፃኗ የስድስት ወር ልጅ ሳለች ከእናቷና ከአጎቷ ጋር ድንበሩን መሻገሯን ብቻ ይናገራል። እኔ ግን አንዲት እናት ጡት የምትጠባ ልጅ ታቅፋ በረሃ ስታቋርጥ ከኋላዋ ያለውን ማየት ተገቢ ይመስለኛል። ኋላ ላይ ቤተሰቡ ስለዚያ ጉዞ ሲያወራ ድህነትን እንጂ ፖለቲካን አያነሳም፤ በቺዋዋ በዚያ ዓመት ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ ቀላል አልነበረም።

ሲሻገሩ ማንም አልጠየቃቸውም። በዚያው በ1892 ጥር 1 ቀን በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በኒው ዮርክ ወደብ፣ የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መመርመሪያ ተከፍቶ ነበር። ከአውሮፓ የመጣ ሰው ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራውና ጤንነቱ እየተጠየቀ በመዝገብ ይገባ ነበር። በሜክሲኮ ድንበር ግን ከሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ በፊት እንዲህ ያለ መዝገብ ለተሻጋሪው ሁሉ አልነበረም። ስለዚህ የኋና ወደ አሜሪካ መግባት የተመዘገበው በቤተሰብ አፍ ብቻ ነው። ይህ የሕግ ጥሰት አልነበረም፤ የሚጣስ ሕግ አልነበረማ። ሕጉ በኋላ መጣ፤ በ1917 የወጣው ሕግ ወደ አገሪቱ የሚገባ ዐዋቂ ሰው ማንበብ እንዲችል ሲያዝ፣ የኋና ዕድሜ ገና ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር፤ ማንበብም አይችሉም። ያኔ ቢመጡ ኖሮ ከደጁ ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

ያደጉት ዩማ አካባቢ ነው፤ የኮሎራዶና የሂላ ወንዞች በሚገናኙበት፣ በበጋ ሙቀቱ ዕረፍት በማይሰጥ በረሃ። አሪዞና ክፍለ ግዛት የሆነችው በ1912 ነው፤ ኋና ሃያ ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ የኖሩት ገና ክፍለ ግዛት ባልሆነ መሬት ላይ ነበር። በ1909 የላጉና ግድብ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ሲጠናቀቅ በረሃው በመስኖ መታረስ ጀመረ፤ ውኃ የደረሰው መሬት ዋጋ አገኘ፤ ዋጋ ያገኘ መሬት ደግሞ ፈላጊው በዛ። ይህ ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ በቻቬዝ ቤት ላይ የሚያመጣውን መዘዝ ወደ ፊት እናየዋለን።

ከልጅነታቸው እስከ ጋብቻቸው ያሉት ሠላሳ ዓመታት በልጃቸው ትረካ ውስጥ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ልጅ እናቱን የሚያውቃት ከእሱ ጀምሮ ነው። ሊብራዶ ቻቬዝን ያገቡት በ1924 ሲሆን ያኔ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሁለት ገደማ ነበር። በዘመኑ የሜክሲኮ ገበሬ ሴት ልጅ ብዙውን ጊዜ ከሃያ ዓመቷ በፊት ትዳር በምትይዝበት ባህል ይህ በጣም የዘገየ ነው። ባሉም ቢሆኑ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ነበሩ። ስለዚህ ኋና ወደ ባል ቤት የገቡት እንደ ልጅ ሙሽራ አይደለም፤ ሥራ የሚያውቁ፣ በራሳቸው ቆመው የኖሩ ሴት ሆነው ነው። ልጆቹ የሚያስታውሱት የቤቱ ሥርዓት የተሠራው በዚህች ሴት ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ የድንበር ጠባቂ ኃይል የተቋቋመውም በዚያው በ1924 ነው፤ ወደ ፊት መንገዳቸው ላይ እናገኘዋለን።

የሊብራዶ ቤተሰብም ከቺዋዋ የመጣ ነው። አባታቸው ሴሳሪዮ በአንድ ሰፊ ርስት ላይ በዕዳ ታስረው ያገለግሉ ከነበረበት በ1880ዎቹ አምልጠው ወደ ሰሜን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። አሪዞና ክፍለ ግዛት ከመሆኗ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከዩማ ከተማ ሃያ ማይል ያህል ርቆ በሰሜን ሂላ ሸለቆ ከመቶ ኤከር በላይ የሆነ መሬት በሰፋሪነት ያዙ፤ በጭቃ ጡብ ግድግዳው የወፈረ ትልቅ ቤት ሠሩ። ባለቤታቸው ዶሮቴያ በገዳም ያደጉ፣ ስፓኒሽና ላቲን የሚያነቡ ሴት ነበሩ። ለልጅ ልጆቻቸው የሃይማኖት ትምህርት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠሩ አማትና ፊደል ያልቆጠሩ ምራት ነበሩ፤ አንዷ ጸሎቱን፣ ሌላዋ ምግባሩን ያዙ። ይህን ክፍፍል ልጁ ሴሳር ራሱ ይናገረዋል።

ባልና ሚስቱ ከእርሻው ብዙም ሳይርቁ ሱቅ ከፈቱ፤ ከጎኑ የመኪና መጠገኛና የፑል ቤት ነበረው፤ ፖስታም በዚያው ይታደል ነበር። ስድስት ልጆች ተወለዱ፤ አንዷ በሕፃንነቷ ሞተች። የመጀመሪያዋ ሪታ ናት። ሴሳር በ1927 መጋቢት 31 ተወለደና የአያቱ ስም ወጣለት። ቀጥሎ ሪቻርድ መጣ። ይህ ሰው ኋላ ሴሳር የመሠረተውን የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር ጥቁር ንስር በባንዲራው ላይ እንዲሣል አድርጎ ንድፉን የሠራው ነው።

የኋና ትዝታ በልጆቻቸው ዘንድ ከሁሉ አጥብቆ የተያያዘው ከአንዲት ቅድስት ጋር ነው። ቅድስት ኤድዊጅስ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የሲሌዝያ መስፍን ሚስት ነበረች፤ ሀብቷን ለድኃ ሰጥታ በ1267 ቅድስት ተብላለች። በዓሏ በጥቅምት ወር አጋማሽ ይውላል። ኋና በዚያ ቀን ልጆቻቸውን መንገድ ላይ እያሰማሩ የራበው ሰው ፈልገው እንዲያመጡ ያዝዙ ነበር። ነገሩ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ በስመ ቅዱስ ድግስ አውጥቶ ደኻን መዘከር በየመንደራችን ያለ ነው። የተለየው፣ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመታት በዩማ የባቡር ሐዲድና መንገድ ዳር የሚንከራተተው ሥራ አጥ አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጭ መሆኑ ነው። ልጆቹ እንደሚያስታውሱት ለበሉት ምግብ በምትኩ እንጨት ልፍለጥ፣ ውኃ ልቅዳ የሚሉትን ኋና አይሆንም ይሏቸው ነበር። ምክንያታቸው ከተከፈለበት ስጦታ አይደለም የሚል ነበር። የቤቱ ዱቄት በሚያልቅበት ጊዜም እንደዚሁ።

ዕፅዋትም ያውቁ ነበር። የታመመ ሰው ወደ ሐኪም መሄጃ በሌለው ሸለቆ ውስጥ ቅጠል ቀቅለው፣ ሥር አሽተው ጎረቤትን ያክሙ ነበር። ምሳሌያዊ አነጋገርና ምክር ደግሞ ከአፋቸው አይጠፋም። ልጃቸው ከአዘወተሩት ምክር አንዱን ደጋግሞ ያነሳል፤ ለጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ እምቢ ካለ ጠብ የለም የሚለውን። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደምንለው ነው። ወንድ ልጅ ተሰድቦ ዝም ካለ ወንድነቱ ይጎድላል በሚባልበት ሰፈር፣ ወንዶች ልጆቻቸው ከጠብ ዞር እንዲሉ ያዝዙ ነበር። የዐዋቂዎቹን ሐሜት ልጆች እንዳይሰሙም ይከላከሉ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ቢመስልም፣ ብዙ ዘመድ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሰላም የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ከዚያ ድቀቱ መጣ። ሊብራዶ ለዘመድና ለጎረቤት በዱቤ ያበደሩት ዕቃ ገንዘብ ሆኖ አልተመለሰም፤ ሱቁ ተሸጠ። ቤተሰቡ ወደ አያትየው የጭቃ ጡብ ቤት ገባ። በርስቱ ላይ የተጠራቀመው ግብር ከ4,000 ዶላር በላይ ሆነ። ባንክ ብድር ከለከለ። በ1937 የመሬቱ ባለቤትነት ወደ መንግሥት ዞረ፤ በ1939 መጀመሪያ ርስቱ ሙሉ በሙሉ ከእጅ ወጣ። ሴሳር ትራክተር የከብቱን በረትና የመስኖውን ቦይ ሲደፋ ማየቱን እስኪሞት አልረሳም። እሱ ይህን ታሪክ ሲናገር የግፍ ታሪክ አድርጎ ነው፤ መሬቱን ፈልጎ ብድሩን ያስከለከለ ሰው ነበር ይላል። የእርሻ ገበያው የወደቀበት፣ የመስኖ መሬት ዋጋ ግን ያልወደቀበት ዘመን ስለነበር አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ግብሩ መከማቸቱም እውነት ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

በዚያው ዘመን መንግሥት ሰዉን ራሱን እንደ አዲስ እየመደበ ነበር። በ1930 የሕዝብ ቆጠራ ላይ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሆኖ በማያውቅ ሁኔታ፣ «ሜክሲካዊ» የሚለው ቃል በዘር ዓምድ ውስጥ ገባ። በ1940 ቆጠራ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው ነጭ ተባሉ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ሥራ ጠበበ በሚል ሰበብ ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመቱ ሜክሲካውያንና የሜክሲኮ ተወላጆች ወደ ደቡብ ሄደዋል፤ ከፊሉ በገዛ ፈቃዱ፣ ከፊሉ ተገዶ። ከእነዚያ ብዙዎቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ነበሩ። የኋና ልጆችም ሁሉ በአሪዞና የተወለዱ ዜጎች ናቸው። እናታቸው ግን እንግሊዝኛ የማይናገሩ፣ የመግቢያ ወረቀት የሌላቸው የአርባ ምናምን ዓመት ሴት ነበሩ።

የዚህ ልዩነት ክብደት የታየው መንገድ ላይ ነው። በ1938 ሊብራዶ በካሊፎርኒያ ኦክስናርድ ባቄላ መውቃት ሥራ አግኝተው ቤተሰቡን አስጠሩ። መኪናው ከአሪዞና ወደ ካሊፎርኒያ እንደገባ፣ ሴሳር እንደሚተርከው፣ የድንበር ጠባቂዎች በሌሊት አስቁመው ከሜክሲኮ ሾልከው የገቡ መስሏቸው ለረጅም ሰዓት መረመሯቸው። እናታቸው በፍርሃት ተንቀጠቀጡ። ልጁ ይህን የሚያነሳው የመጀመሪያ ውርደቱን ለመንገር ነው። እኔ የማነበው በሌላ በኩል ነው፤ ሕፃን ሳሉ አንድም ጠያቂ ሳያገኛቸው ዓለም አቀፍ ድንበር የተሻገሩ ሴት፣ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ከአንዱ የአሜሪካ ግዛት ወደ ሌላው ሲያልፉ ተያዙ። እሳቸው ያሉበት ቦታ አልተለወጠም፤ መንግሥት ነበር የደረሰባቸው።

ካሊፎርኒያ የገቡት ከባለ ርስት ወደ ዕለት ሠራተኛ ወርደው ነው። መንገዱን የማያውቅ ቤተሰብ ለሠራተኛ ደላላ ሲሳይ ነው። አንድ ደላላ ለሳምንታት ወይን ካስለቀማቸው በኋላ ደመወዛቸውን ይዞ ጠፋ። የኦክስናርድን ክረምት በድንኳን ከርመው፣ ወለሉ በዝናብ ጭቃ ሆኖ፣ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ከመንገድ ዳር ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት እየለቀሙ አጠቃለው ሸጠው ጫማ መግዛታቸውን ሴሳር ያነሳል። ከአንድ እርሻ ወደ ሌላው ሲዞሩ ሴሳር ከሠላሳ በላይ ትምህርት ቤቶች ገብቷል።

የእነ ቻቬዝ ስም በማኅበሩ ታሪክ ውስጥ ልዩ የሆነበት አንድ ነገር በዚህ ዘመን ይጀምራል። ሴሳር በቀብር ንግግሩ እንደተናገረው፣ የእነሱ ቤተሰብ በማሳ ላይ ሰው ሲበደል መጀመሪያ ሥራ ጥሎ የሚወጣ ቤተሰብ ነበር። የተበደለው ሰው ዘመድ ይሁን ባዕድ አይለዩም፤ አንዱ ከተነሳ ሁሉም መኪና ውስጥ ይገባሉ። ይህ በልጁ ትረካ የድፍረት ታሪክ ሆኖ ነው የቀረበው፣ ድፍረቱም የአባትየው ይመስላል። በ1935 የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግና በ1938 የወጣው የደመወዝ ወለል ሕግ ሁለቱም የእርሻ ሠራተኛን ከጥበቃቸው አውጥተውታል፤ ሥራ ጥሎ የወጣ ሰው የሚከራከርለት አልነበረም። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ደመወዙን ሳይቀበል ከማሳ የሚወጣው ምን ያህል ባቄላ በከረጢቱ እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ስላለ ነው። ያንን የሚያውቁት ኋና ነበሩ። ከማሳ ለመውጣት የሳቸው እሺታ ያስፈልግ ነበር፤ ምንጮቹ ይህን በቃል አይጽፉትም፣ ቤተሰቡ ደጋግሞ መውጣቱ ግን ያስረዳል።

በመጨረሻ ያረፉት በሳን ሆሴ ምሥራቅ፣ «ከቻልክ ውጣ» የሚል ትርጉም ባለው ስሙ በሚታወቀው ሳል ሲ ፕዌዴስ ሰፈር ነው። መንገዱ አልተነጠፈም፣ ክረምት ሲመጣ በጭቃ ይሞላል። በዙሪያው ያለው የሳንታ ክላራ ሸለቆ ያኔ የፕሪምና የአፕሪኮት አትክልት ነበር፤ ዛሬ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ያሉበት ነው። ለሴቶች የሚደርሰው ሥራ ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ ለፀሐይ ማስጣትና በማሸጊያ ፋብሪካ መቆም ነበር። በ1942 ሊብራዶ በመኪና አደጋ ተጎዱ፤ ሴሳር ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ትምህርት አቆመ። ምክንያቱን ሲናገር እናቱ ማሳ ላይ እንዳይውሉ ብሎ ነው። ለኋና ይህ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው እንዲማሩ ከማንም በላይ የሚወተውቱት እሳቸው ነበሩና። ከዚያ ቤት የኮሌጅ ትምህርት የሚጀምር ሰው ለማየት አንድ ትውልድ ጠብቀዋል።

ሳል ሲ ፕዌዴስ ለቤተሰቡ ዕጣ ወሳኝ ሆነ። በ1952 ፍሬድ ሮስ የተባለ አደራጅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ድርጅትን በሰፈሩ ለመትከል ሲመጣ ሴሳርን አገኘው። ድርጅቱ መራጭ ይመዘግባል፣ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። በዚያው ዓመት የወጣው የስደተኞች ሕግ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸውና በአገሪቱ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች የዜግነት ፈተናውን በእናት ቋንቋቸው እንዲፈተኑ ፈቀደ። ይህ አንቀጽ ለኋና ትውልድ የተለካ ልብስ ነበር፤ ድርጅቱም በየሰፈሩ በስፓኒሽ የዜግነት ክፍል ከፈተ። ሴሳር በየቤቱ ስብሰባ እያደረገ ሰው ሲያደራጅ የተጠቀመበት ዘዴ፣ ሰውን ቤት ጠርቶ ማስተናገድና ችግሩን ማዳመጥ፣ በእናቱ ቤት ካየው የራቀ አይደለም። ሮስ ዘዴውን አስተምሮት ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ የለመደውን ዘዴ ስም ሰጠለት ማለትም ያስኬዳል።

በ1962 ሴሳር በድርጅቱ የነበረውን ሥራ ትቶ በካሊፎርኒያ ወደምትገኘው ዴላኖ ሄደና ብሔራዊ የእርሻ ሠራተኞች ማኅበርን መሠረተ። በ1965 መስከረም የፊሊፒንስ ተወላጅ የወይን ሠራተኞች በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት አድማ መቱ፤ ከስምንት ቀን በኋላ የሜክሲካውያኑ ማኅበር ተከተላቸው። አድማው አምስት ዓመት ፈጀ። አድማው በተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከአድማው ሰዎች ውስጥ በማሸጊያ ቤትና በንብረት ላይ ጥቃት ማድረስ የሚሹ ብቅ አሉ። ሴሳር በ1968 የካቲት ጾም ጀመረ፤ ሃያ አምስት ቀን ከምግብ ተከለከለ፤ መጋቢት 10 ሴኔተር ሮበርት ኬኔዲ በተገኙበት ኅብስት ቆርሶ ፈታ። በዚያ ቀን በተነሱት ሥዕሎች ውስጥ የሰባ አምስት ዓመቷ እናት አጠገቡ ተቀምጠው ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ኋና ሕዝብ የሚያውቃቸው የሰላማዊ ትግል ምንጭ የሆኑት። ሴሳር ሰላማዊ ትግልን ከጋንዲ ሳይሆን መጀመሪያ ከእናቱ መማሩን ይናገር ጀመር። እውነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ጊዜው ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ የሚያዳምጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሜክሲካውያን ካቶሊኮች ናቸው፤ ለእነሱ ከህንድ የመጣ ሐሳብ ሩቅ ነው፣ የእናት ምክር ግን የማንም አይደለም፣ የራስ ነው። አለመማታት ፈሪነት የሚመስለውን ወንድ ለማሳመን ከእናት የበለጠ ምስክር አይገኝም። ስለዚህ በ1969 እና በ1975 በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ የምናገኛት ኋና፣ ከሁሉ አስቀድማ ጠብ የከለከለች እናት ናት። የወጥ ቤቱን ስንቅ ያሰላችው፣ ዱቤና ዕዳ ያየችው፣ ደላላ ሲያታልል የተቆጣችው ሴት ከገጹ ዳር ቆማለች። ንቅናቄው የሚፈልገው የመጀመሪያዋን ነበር።

ውጤቱን ኖረው አዩ። በ1970 ሐምሌ የወይን ባለ እርሻዎች የኅብረት ስምምነት ፈረሙ፤ በ1975 ካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኛ በድምፅ ማኅበሩን እንዲመርጥ የሚያስችል ሕግ አወጣች። ከዚያ የማኅበሩ መዳከም መጣ፤ አባላቱ ቀነሱ፣ የድሮ ጓዶች ተለያዩ። ኋና በሳን ሆሴ በልጆች፣ በልጅ ልጆችና በልጅ ልጅ ልጆች ተከብበው ይኖሩ ነበር። ሊብራዶ በ1982 ሞቱ። እሳቸው ዘጠኝ ዓመት ተጨማሪ ኖሩና በ1991 ታኅሣሥ ዐረፉ።

የቀብሩ ሥርዓት የተፈጸመው በሳን ሆሴ የጓዳሉፔ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሴሳር በወጣትነቱ አባ ዶናልድ ማክዶኔል ከሚባሉት ካህን ጋር የሠራበት ደብር። (የደብሩ አሮጌ አዳራሽ በ2016 መጨረሻ የአገር ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው በልጅየው ምክንያት ነው።) ሴሳር ያሰማው ንግግር ስለ ኋና ከተጻፉት ሁሉ ረጅሙና የተሟላው ነው፤ ትውልዳቸው፣ መሻገራቸው፣ ጋብቻቸው፣ ኤድዊጅስ፣ ምክራቸው፣ ከማሳ መውጣቱ ሁሉ በዚያ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው የተጻፈው አብዛኛው ከዚያ የተቀዳ ነው። የስንብት ንግግር ደግሞ የታሪክ ሰነድ ሆኖ ሲያገለግል ጠባዩን ማወቅ ያሻል፤ ሟችን አይከስም፣ የቤተሰብን ጠብ አያነሳም፣ ሰሚውን ያስታርቃል።

ሴሳር እናቱን ከቀበረ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ፣ በ1993 ሚያዝያ 23፣ በሳን ሉዊስ አሪዞና ሞተ። ወደዚያ የሄደው በዩማ ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ የሰላጣ አምራች ኩባንያ በማኅበሩ ላይ ባቀረበው ክስ ለመመስከር ነበር፤ ከተወለደበት ሸለቆ ብዙም አይርቅም። በእሱ ሞት ስለ ኋና ልጅነትና ትዳር በአፍ ሊጠየቅ የሚችለው ዋናው ምስክር ጠፋ። የቀረው ወረቀትና ቴፕ ነው፦ የማኅበሩ ሰነዶች በዲትሮይት፣ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሮይተር ቤተ መጻሕፍት፤ ዣክ ሌቪ የሰበሰበው ደግሞ በኒው ሄቨን፣ በየል ዩኒቨርሲቲ የባይኔኬ ቤተ መጻሕፍት። ኋናን የሚፈልግ ተመራማሪ በሁለቱም ቦታ ካታሎጉን የሚከፍተው በልጃቸው ስም ነው።